የኖራ ውሃ

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የአባቴን ነፍስ ሰርቄ ደብቄያለሁ። ነፍሱ በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ነበረች፤ የደበቅኋትም ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። ይህን ለሰው ሳወራ የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ልጅም ወልጃለሁ፣ ግን እንደዚያ ቀን አፌን ከፍቼ የቀረሁበት ጊዜ የለም።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1995፣ የሁዳዴ ጾም የገባበት ወር ነው። በፈረንጅ አገር ሃርልስደን በሚባል ሰፈር፣ የወረዳው አስተዳደር ካውንስሉ በሰጠን አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሆነን እንኖር ነበር፤ አባቴ ተክለአብ፣ እናቴ ፍቅርተማርያምና እኔ ሃይሚ። ከእኛ በታች ያለው ቤት የእማማ አስካለማርያም ነው። ልጃቸው ቤት ቀይሮ ወደ ሃክኒ ሲሄድ «አንድ አገር ለቅቄ መጥቻለሁ፣ ይበቃኛል» ብለው ብቻቸውን ቀሩ። እናቴ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ አባቴ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ አልጋና ዊልቼር እየገፋ ይሠሩ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት የሚያመጡኝም፣ እነሱ እስኪገቡ ቤታችን ተቀምጠው የሚጠብቁኝም እማማ አስካለ ነበሩ።

አባቴ አገር ቤት ደብረ ማርቆስ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሯል። ይህን ሲወራ ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም። እኔ ያየሁት አባት ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም የሚል ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። እማማ አስካለ ፊት ለፊቱ «ተማሪ ቤት ያበላሸው» ይሉታል፤ እሱም ይስቃል። ግን ይወዱታል። በየወሩ በውሃ ጠርሙስ ጠበል እያስቀዱ ለእሱ ብለው ያመጡ ነበር። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ መስቀል ይሥሉበታል፣ አንገቱን በነጭ ክር ያስሩታል፣ ከዚያ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር መደርደሪያው ላይ ያስቀምጡታል። አባቴ ነክቶት አያውቅም። እናቴ ግን ተደብቃ ትራሱ ላይ ስትረጭ አይቻታለሁ።

አንድ ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ። አባቴ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ እንደገና አነበበው።

«ኢንተርቪው ጠሩኝ» አለ።

«የምን?» አለች እናቴ።

«ላብራቶሪ ቴክኒሽያን። ሰከንደሪ ስኩል። ተማሪዎች ፊት የአሥር ደቂቃ ዴሞንስትሬሽን፣ ሙከራ ሠርተህ አሳይ ይላሉ።»

«እልል በል እንጂ ታዲያ! ምን ያስተክዝሃል?»

«ፍቅርተ፣ አሥራ አራት ቦታ አፕላይ አድርጌ አሥራ አራት ጊዜ አይሆንም ተብያለሁ። ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ይሄ ካልሆነ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ እቆልፍበታለሁ፤ ሁለተኛ አስተማሪ ነበርኩ ብዬም አላወራም።»

እናቴ እጁን ያዘችው። እኔ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ አዳምጥ ነበር። ከንግግራቸው የገባኝ አባቴን አንድ ከባድ ነገር ሊገጥመው እንደሆነና ከዚያ ወዲያ ምንም እንደሌለ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ከግንባታ ዕቃ መሸጫ አንድ ከረጢት ኖራ ተሸክሞ መጣ። ግድግዳ ሊቀባ መስሎኝ ነበር። ኖራውን በባልዲ ውሃ በጥብጦ በረንዳው ላይ አሳደረው። በነጋታው ነጩ ዝቃጭ ወርዶ ከላይ የጠራ ውሃ ቀረ። ያንን ቀስ ብሎ ቀድቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ፣ ጠርሙስ ውስጥ አደረገው። ወረቀት ቆርጦ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈና በፕላስተር ለጠፈበት።

«ላብራቶሪ ውስጥ የመጀመሪያው ሕግ ይሄ ነው» አለኝ፤ «ስም የሌለው ጠርሙስ አይቀመጥም። አትንኪ፣ አትቅመሺ። ውሃ ይመስላል እንጂ ውሃ አይደለም።»

ውሃ የሚመስል ግን ውሃ ያልሆነ ነገር እኔ አንድ ብቻ ነበር የማውቀው፤ እሱም ክር ታስሮበት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ነገሩ ትልቅ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። በሩ ግን በደንብ አይገጥምም ነበርና በክፍተቱ አየሁት። ከጠርሙሱ ትንሽ ወደ ብርጭቆ ቀዳ፤ በቧንቧ ውሃ አቀጠነው፤ ስትሮ ከተተበትና ይተነፍስበት ጀመር። ብርጭቆው ጥርት ያለ ነበር። አንድ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደተነፈሰ ከሥር ጭጋግ የመሰለ ነገር ተነሣ፤ ከዚያ ሁሉም ወተት ሆነ። አባቴ ግን አላቆመም። ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ሳያቋርጥ ተነፈሰ። ወተቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና ጠፋ። ብርጭቆው እንደ ቅድሙ ጠራ። አባቴ ወንበሩን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩ ነጥቶ ነበር፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ። በባዶ ሆዱ፣ በቀጭን ስትሮ፣ ያን ያህል ሲተነፍስ ማንም ሰው ቢሆን ራሱን ያዞረዋል። የዚያን ጊዜ የማውቀው ግን እማማ አስካለ ያስተማሩኝን ነው። እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር ሠርቶ ሲያበቃ እፍ እንዳለበትና ነፍስ የገባው በዚያ እንደሆነ ነግረውኛል። እፍ ተብሎ የገባ ነገር እፍ ሲባል እንደሚወጣ ደግሞ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። አባቴ ነፍሱን ወደ ውሃው ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነጭ ነበረች። ከዚያ ጠፋች።

በሳምንቱ ውስጥ አምስት ጊዜ እንደዚያ አደረገ፤ ቆጥሬያለሁ። ረቡዕ ዕለት ለኢንተርቪው የሚለብሰውን ሱፍ ሲሞክር ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፈነበት። አልቋል ማለት ነው ብዬ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ኮቱ ብሪክስተን ከሚኖረው ከወፍራሙ ጓደኛው ከካሳዬ የተዋሰው እንደሆነ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ግን እኛ ቤት ልጅ የትልቅ ሰው ጉዳይ አይጠይቅም።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ሲላጭ፣ እናቴ ሥራ ሄዳ ነበር። ጠርሙሱ በር ላይ ከቦርሳው አጠገብ ተዘጋጅቷል። አባቴ ዛሬ ፈረንጆቹ ፊት ቆሞ የቀረችውን ሊተነፍስ ነው ብዬ አሰብኩ። ወንበር ላይ ወጥቼ የጠበሉን ጠርሙስ አወረድኩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት የውሃ ጠርሙስ ናቸው። የአባቴን ወረቀት እንዳይቀደድ በጥፍሬ ቀስ ብዬ አላቅቄ ጠበሉ ላይ ለጠፍኩት። ክዳናቸውን አለዋወጥኩ፤ ክሩንም ፈትቼ የኖራ ውሃው አንገት ላይ አሰርኩት። የአባቴን ነፍስ ከእመቤታችን ሥር አስቀመጥኳት፤ እሱ ደግሞ ጠበሉን ይዞ ይሂድ፤ ምንም ቢተነፍስበት ጠበል ሰው አይወስድም። ኮርቼ ነበር።

አባቴ ግንባሬን ሳመኝና «ጸልዪልኝ» አለኝ። ከአፉ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እማማ አስካለ ከትምህርት ቤት አመጡኝ። ቤት ስንገባ ነጠላቸውን አጣፍተው «አባትሽ አሁን ፈተናው ላይ ነው። ሳልጸልይለት አልፈታም» አሉ። በጾም ወራት ከጸሎት በኋላ ጾማቸውን የሚፈቱት በጠበል ነበር። የለመዱትን ጠርሙስ ከሥዕሉ ሥር አነሡ፤ መስቀሉን ሳሙ፤ ጎድጓዳ ሰማያዊ ሳህን ውስጥ ግማሹን ገለበጡት። ጠርሙሷ እዚያ ብትቀመጥ ማንም አይነካትም ብዬ ነበር እንጂ፣ እማማ አስካለ በየቀኑ እንደሚነኳት አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው ደፍተው መጸለይ ጀመሩ። የእሳቸው ጸሎት ቶሎ አያልቅም። በየምዕራፉ መጨረሻ ሳህኑ ላይ ሦስት ጊዜ እፍ ይላሉ። የአባቴን የክርስትና ስም ይጠራሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። እኔ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳህኑን ሳይ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሆናል፣ ውሃው ላይ ቀጭን ነጭ ነገር ታየኝ። በቀዘቀዘ ወተት ላይ እንደሚረጋው ስልባቦት ነበር። ሲተነፍሱ ስንጥቅ ይላል፣ መልሶ ይጋጠማል።

እማማ አስካለ ጸሎታቸውን አቆሙ። አልጮኹም፤ እልልም አላሉም።

«ሃይሚ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ላንቺም ይታይሻል?»

«አዎ።»

«እኔ ኃጢአተኛዋ ምን ሆኜ ነው ይሄን የማየው?» እንባቸው ወረደ። ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ኖ! ኖ! አይጠጡት!» ብዬ ተንደርድሬ እጃቸውን ያዝኩ። «አባዬ ነው! አባዬን እንዳይጠጡት!»

ቢጠጡት አይገድላቸውም ነበር፤ ጉሮሯቸውንና ባዶ ሆዳቸውን ግን በደንብ ይለበልባቸው ነበር። እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀውን ሁሉ ግን እየተንሰቀሰቅሁ ነገርኳቸው፤ ስትሮውን፣ ወተቱን፣ ኮቱን፣ ጠርሙሶቹን። እማማ አስካለ አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡኝምም። እስከ መጨረሻው ሰምተው ሳህኑን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

«እንግዲያው የማንም ይሁን የማን፣ አባትሽ እስኪመጣ አንነካውም» አሉ። ሁለታችንም ሳህኑን እየጠበቅን ተቀመጥን። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፋቸው አልዞረም ነበር።

አባቴ ሲገባ ፊቱን አይቼ በሕይወት መመለሱ ራሱ ደስ አለኝ። ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«እንዴት ሆነልህ ልጄ?» አሉ እማማ አስካለ።

«ውሃው እምቢ አለኝ» አለ። ድምፁ ጠፍቷል። «ሃያ ተማሪ ፊት። ነፋሁ፣ ነፋሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻ ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ። ‹ቴንኪው ሚስተር ተክለአብ› አሉኝና ወጣሁ። ምኑን እንዳበላሸሁት አሁንም አልገባኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተበላሽቶብኝ አያውቅም።»

እማማ አስካለ ነጠላቸውን ከሳህኑ ላይ ገለጡ። «ውሃህ እዚህ ነው ያለው» አሉት።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱ ጫፍ ነጩን ነካ፣ በአውራ ጣቱ አሸው። መደርደሪያው ላይ ያለውን ጠርሙስና ክሩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ሃይሚ፣ ወረቀቱን ማን ቀየረው?»

«እኔ። ነፍስህ እንዳታልቅ ብዬ።»

በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባዬ እስኪበቃው ሳቀብኝ እያልኩ ለዓመታት ስተርት ኖሬያለሁ። ያረመችኝ እናቴ ናት፤ ልክ በዚያ ሰዓት ቁልፏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አይ ልጄ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «አባትሽ እየሳቀ አልነበረም።»

ግን ያ ብዙ አልቆየም። ተነሣ። የካሳዬን ኮት ቆለፈው። ጠርሙሱ ውስጥ ከቀረው የኖራ ውሃ ትንሽ ወደ ብርጭቆ ቀዳ፣ በቧንቧ ውሃ አቀጠነና አዲስ ስትሮ ከተተበት።

«እማማ፣ እስቲ ይተንፍሱበት። እንዳይስቡት ብቻ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

እማማ አስካለ አማትበው ተነፈሱ። ውሃው ነጣ። ስትሮውን ከአፋቸው ሳያወጡ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ይሄ ነጩ ጠመኔ ነው፤ ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት» አለ አባቴ። ድምፁ ተመልሶ ነበር፤ እንዲያውም እኔ የማላውቀው ድምፅ ነው። «ኖራ ቤዝ ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ። ትንፋሻችን ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደካማ አሲድ ይሆናል። ሁለቱ ሲገናኙ የአንዱም ኃይል አይቀርም፤ ጠመኔ ይሆናሉ። ቅድም ሳህኑ ላይ ሲጸልዩ ያዩትም ይሄንኑ ነው። አሁን አያቁሙ፣ ይቀጥሉ።»

ቀጠሉ። ደከማቸው፤ እኔ ተቀበልኳቸው። ወተቱ ሳሳ፣ ጠራ፣ ጠፋ።

«የት ሄደ?» አልኩ።

«የትም አልሄደም። ትንፋሹ ሲበዛበት ሟሙቶ እዚያው ውስጥ አለ። አምጡት ካላችሁኝ አመጣዋለሁ።» የጠራውን ውሃ ትንሽ ብረት ድስት ውስጥ ገልብጦ ጣደው። መፍላት ሲጀምር ከምኔው እንደሆነ ሳይታወቅ ድስቱ ውስጥ እንደገና ነጣ። እናቴ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ መጥታ ከኋላችን አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር።

«መንገዱ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው» አለ አባቴ። «ጠመኔው ይሟሟል፣ የሟሟው ጠመኔ ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚሄዱት። አሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስን አስቡት። አምስት ሰው ይወርዳል፣ አምስት ሰው ይሳፈራል። የሰዉን ብዛት ብቻ ለሚቆጥር ምንም አልተለወጠም፤ ውስጡ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው። እኛ ሚዛን የምንለው ይሄን ነው። የቆመ ይመስላል፤ ግን አንዲት ሰከንድ እንኳ ቆሞ አያውቅም። ትንፋሽ ብንጨምርበት ወደዚያ ያዘነብላል፣ ብናሞቀው ወደዚህ ይመለሳል። አሁን እኛ ስናወራ በየደማችን ውስጥ ይሄው ትንፋሽ እንዲሁ ይሄዳል፣ ይመጣል። ሚዛኑ ትንሽ ቢዛነፍ አንድ ቀን አናድርም።»

እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳምጥ ነበር።

«ታዲያ ነፍስህ አይደለችም?» አልኩት።

«ትንፋሼ ናት። ያንቺም የእማማም እኩል ያነጣዋል።»

እማማ አስካለ ጎንበስ ብለው ድስቱን ተመለከቱ። ተአምራቸውን ስለቀማቸው የሚያዝኑ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። «ሰባ ዓመት ሙሉ» አሉ በመጨረሻ፤ «ሰባ ዓመት ሙሉ ይሄን ስተነፍስ ኖሬ፣ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም!» ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ይሄን ሁሉ እያወቅህ ነው አንተ የማታማትበው?» አባቴ ሳቀ፤ ያኔ በእውነት ሳቀ።

የትምህርት ቤቱ መልስ በሚቀጥለው ረቡዕ መጣ። አልወሰዱትም። አባቴ «ድሮም የመረጡት ሰው ነበራቸው፤ ጠርሙሱ ምንም አላደረገም» አለኝ። አመንኩት፤ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ አመንኩት። እውነቱን የነገረችኝ እናቴ ናት። ትምህርት ቤቱ ከኢንተርቪው በፊት ሆስፒታል ደውሎ ስለ ሥራው ጠይቋል፤ ሌላ ዕጩም አልነበረም። የቀረችው ያቺ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ እኔ ክር አስሬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። ይህን ስሰማ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ረቡዕ ማታ አባቴ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ቆለፈ። ያለውን ፈጸመ። ሻንጣው ግን ተቆልፎ የቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። እማማ አስካለ ናቸው፤ ከኋላቸው ደረጃው ላይ ነጠላ የለበሱ ስድስት አሮጊቶች እየተነፈሱ ቆመዋል። እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ያመጡትን ብርጭቆ ይዘዋል።

«ተክልዬ» አሉ እማማ አስካለ፤ «ቤተ ክርስቲያን ነግሬያቸው ዋሾ አሉኝ። እስቲ አሳያቸው።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አሁን አስተማሪ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነህ?» አሉና አልፈውት ገቡ።

ወንበር አልበቃም። እናቴ ትራስ አነጠፈች፤ ሁለቱ ሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴ በሩን ዘጋ። ከዚያ የሸሚዙን አንገት አስተካከለ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ ተማሪዎች» አለ።

እናቴ አፏን በእጇ ሸፈነች። አሮጊቶቹ ሁሉ ቀና ብለው ተቀመጡ። አባቴ የኖራ ውሃውን ከፍ አድርጎ እየዞረ አሳያቸውና «ከመጀመራችን በፊት ጥያቄ ያለው አለ?» አለ።

ከሁሉም ታላቋ፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ አንድ ቀን ተማሪ ቤት ደርሰው የማያውቁ ሴት ግራ ቀኝ አዩና ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ።